ኦቭን የማይፈልገው ሙያ

በፖርቱጋል የልጅ ልደት ሲከበር ከኬኩ ጎን የማይጠፋ አንድ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ ጥቁር ቡናማ ክብ ቁራጮች ተደርድረዋል። በየቁራጩ ሆድ ውስጥ ነጣ ነጣ ያሉ የብስኩት ስብርባሪዎች ይታያሉ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ስስ የዱቄት ስኳር ለብሷል። ከሩቅ ላየው ሰው የተቆራረጠ ሳላሚ ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ መልኩ ነው፤ ፖርቱጋሎች «ሳላሜ ደ ሾኮላት» ይሉታል። ሥጋ ግን በአጠገቡ አላለፈም። ቸኮሌት፣ የገበታ ቅቤ፣ ስኳር፣ እንቁላልና ብስኩት ነው። ኦቭን ውስጥ አይገባም፣ አይጠበስም፣ አይቀቀልም። ቸኮሌቱ ይቀልጣል፣ ከብስኩቱ ጋር ይለወሳል፣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ጣፋጭ በግማሹ ያውቁታል። ጣሊያን የኖረ ሰው «ሳላሜ አል ቾኮላቶ» በሚል ስም በልቶት ይሆናል። ቱርኮች «ሞዛይክ ፓስታ» ይሉታል። በሊባኖስ ቤቶች ደግሞ «ሌዚ ኬክ» ተብሎ በየጊዜው ስለሚሠራ፣ ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ወጥ ቤት ዓመታት ያሳለፉ እህቶቻችን እጃቸው ሳያውቀው አይቀርም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ጣፋጭ በየአገሩ አንድ ዓይነት ንቀት ይደርስበታል። የኬክ ቤት ባለሙያዎች «የልጆች ሥራ ነው» ብለው ያልፉታል። በቤታቸው የሚጋግሩ ሰዎች ደግሞ ጊዜ ሲያጥራቸው ብቻ የሚያነሱት፣ ለእንግዳ ሲያቀርቡትም ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ ንቀቱ ተገቢ እንዳልሆነ ይከራከራል። አንድ ምግብ ሙያ ይጠይቅ እንደሆነ የሚለካው እሳት በመንካቱ ወይም ባለመንካቱ አይደለም። መለኪያው ሌላ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ቢሠሩት የአንዱ አምሮ የሌላው ሊበላሽ ይችላል ወይ? ሊበላሽ የሚችል ከሆነ በመካከሉ እውቀት አለ ማለት ነው። ሳላሜ ደ ሾኮላት ደግሞ በብዙ መንገድ ይበላሻል።

የገዳሙ ጣፋጭና የቤቱ ጣፋጭ

ፖርቱጋል ጣፋጭ ያጣች አገር አይደለችም። ዝነኞቹ ጣፋጮቿ ግን አብዛኞቹ የወጡት ከመነኮሳዪያት ገዳማት ነው። በገዳማቱ የእንቁላል ነጩ ልብስ ለማጠንከርና ወይን ለማጥራት ይውል ስለነበር አስኳሉ ይተርፍ ነበር ይባላል፤ መነኮሳዪያቱም አስኳሉን ከስኳር ጋር እያዋሃዱ እስከ ዛሬ የሚወደዱትን ጣፋጮች ሠሩ። የአቬይሩ ከተማ «ኦቮሽ ሞሌሽ» ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 መንግሥት ገዳማትን መዝጋት ሲጀምር ሙያው ወደ ገበያ ወጣ፤ በሊዝበን ቤለን ሰፈር ዛሬም በሩ ላይ ሰልፍ የማይጠፋው የክሬም ታርት ቤት በ1837 መሸጥ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

እነዚህን ጣፋጮች ቤት ውስጥ መሥራት ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ በጣም የጋለ ምድጃ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የስኳር ሽሮፕ መወፈሩን በዓይንና በማንኪያ የሚለይ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ተራው ቤተሰብ ሁለቱም አልነበረውም። በሰሜን ፖርቱጋል መንደሮች ዳቦ እንኳ የሚጋገረው በጋራ ምድጃ፣ ቤተሰብ በየተራው እየመጣ ነበር። ከተማ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ጣፋጭ ሲያምረው «ፓሽቴላሪያ» ወደሚባለው ኬክ ቤት ወጥቶ ይገዛል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ጣፋጭ በር የከፈተው የፋብሪካ ብስኩት ነው፤ የተጋገረ ነገር በፓኬት ታሽጎ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

ያም ብስኩት ታሪክ አለው። ክብ፣ ስስ፣ ዳር ዳሩ የተጠለፈ የሚመስል፣ መሐሉ ላይ «ማሪያ» የሚል ስም የታተመበትና በትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ሲጋገር እንፋሎቱ በእነሱ በኩል ስለሚወጣ ብስኩቱ ሳያብጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል። መጀመሪያ የጋገረው ፒክ ፍሪንስ የተባለው የለንደን ብስኩት ፋብሪካ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1874 ነው። በዚያ ዓመት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደር ልጅ ማሪያ የንግሥት ቪክቶሪያን ልጅ የኤድንብራውን መስፍን አልፍሬድን አገባች፤ ብስኩቱም በስሟ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ብስኩቱ ድንበር ተሻግሮ የስፔንና የፖርቱጋል የዕለት ቁርስ ሆነ። ፖርቱጋሎች «ቦላሻ ማሪያ» ይሉታል። በወተት ይነክሩታል፣ ለሕፃን ያደቁታል፣ ቡና ውስጥ እየነከሩና በቅቤ ክሬም እየደራረቡ «ቦሉ ደ ቦላሻ» የተባለውን ኬክ ይሠሩበታል። ፈጭተው ከተመታ ክሬም ጋር ሲደረድሩት ደግሞ «ሰራዱራ» ይሆናል፤ እሱ እስከ ማካው ድረስ ሄዷል። ሳላሜ ደ ሾኮላት የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ሁሉም ያለ ኦቭን የሚሠሩ ናቸው።

«እሱማ መገጣጠም ነው» ለሚሉ

ከባዱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። በሙያቸው የሚኮሩ ጋጋሪዎች «ብስኩቱን የጋገረው ፋብሪካ ነው፤ ቸኮሌቱን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ እናንተ ያደረጋችሁት ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው» ይላሉ። ነገሩ ሲሰማ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ብንሄድ እኛ ቤት ፍርፍር የሚባል ምግብ አይኖርም። እንጀራው ትናንት ተጋግሮ ያደረ ነው፤ ሆኖም ፍርፍር ሙያ አይደለም የሚል ሰው የለም፤ ድርቆሹን እስከ ምን ድረስ ማራስ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያቀርብ ሁላችንም እናውቃለን። የተዘጋጀ ነገር ይዞ መነሳት ሥራውን አይሽረውም፤ ሥራው የሚጀምርበትን ቦታ ይለውጠዋል እንጂ።

«ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ ሙያ ይጠይቃል።»

ተቃውሞው ግን ሊታለፍ የማይገባው አንድ እውነት ይዟል። ይህ ጣፋጭ በእኛ ወጥ ቤት ቀላል የሆነው ድካሙ ስለሌለ አይደለም፤ ድካሙን ሌሎች ቀድመው ስለደከሙት ነው። የኮኮዋውን መንገድ ስንከተል ይህ ይበልጥ ይታያል። ፖርቱጋሎች ኮኮዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከብራዚል ወስደው ምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ በሚገኙት ቅኝ ግዛቶቻቸው በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ተከሉ። እሳተ ገሞራ ያበለጸገው አፈርና የበዛው ዝናብ ለዛፉ ተስማማው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እነዚያ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ለአጭር ጊዜ በኮኮዋ ምርት ከዓለም ቀዳሚ እስከመሆን ደረሱ። «ሮሳ» በሚባሉት እርሻዎች የሚሠሩት ግን ከአንጎላ በውል ስም እየታፈሱ በመርከብ የተጫኑ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በሕግ ቀርቷል ቢባልም አብዛኞቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ኔቪንሰን ቦታው ድረስ ሄዶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1906 በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ከዓመታት ማመንታት በኋላ በ1909 ካድበሪን ጨምሮ ትልልቅ የእንግሊዝ ቸኮሌት ፋብሪካዎች ከሳኦ ቶሜ መግዛት አቆሙ። ደሴቶቹ ነፃነታቸውን ያገኙት በ1975 ነው። ዛሬ ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ሲሆን የሕፃናት ጉልበት ጉዳይ እዚያም ገና መቋጫ አላገኘም።

እንግዲህ ይህን ጣፋጭ «ምንም የማይደከምበት» ብሎ መጥራት የእነዚያን ሰዎች ድካም ከቁጥር ማውጣት ነው። የቤት ውስጡ ሠሪ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ትንሽነቷ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣን ቸኮሌት በአንዲት የውኃ ጠብታ ማበላሸት ይቻላልና።

ድስቱ ላይ የሚሆነው

ልኩ ብዙ አያስቸግርም። አንድ ፓኬት ማለትም 200 ግራም ያህል ማሪያ ወይም እሱን የመሰለ ደረቅ ብስኩት፣ 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ከ75 እስከ 100 ግራም ስኳርና ሁለት አስኳል ይበቃል። ብዙ የፖርቱጋል ቤቶች አንድ ማንኪያ የፖርቶ ወይን ጠብ ያደርጉበታል፤ ለልጆች ሲሆን ይቀራል። ቸኮሌት በሌለበት ቤት የኮኮዋ ዱቄት ከስኳርና ከተጨማሪ ቅቤ ጋር ይተካዋል፤ እንዲያውም የብዙ ፖርቱጋላውያን የልጅነት ጣዕም እሱ ነው።

መጀመሪያ ብስኩቱ ይሰበራል፤ በማሽን አይፈጭም፣ በእጅ ነው የሚሰበረው። አብዛኛው የጥፍር ስፋት ያህል ሆኖ ይቀራል፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ በመዳፍ መካከል ታሽቶ ወደ ዱቄት ይጠጋል። ይህ ክፍፍል ያለ ምክንያት አይደለም። ደቃቁ ቅባቱን ጠጥቶ ሁሉን የሚያያይዝ ሲሆን ትልልቁ በጥርስ ሥር ኮሽ የሚለውና ሲቆረጥ መልኩን የሚሰጠው ነው። ሁሉም ከደቀቀ ውጤቱ ጥቅጥቅ ያለ ከባድ ነገር ይሆናል። ሁሉም ትልልቅ ከሆነ ደግሞ ቢላዋው ሲያርፍበት ይፈራርሳል።

ቀጥሎ የቸኮሌቱ ተራ ነው። ትንሽ ውኃ ድስት ውስጥ ይፈላል፤ ከላዩ ላይ ውኃውን የማይነካ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል፤ ቸኮሌቱ ተከትክቶ ይገባበታል። እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው እንፋሎት ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ጥቂት የውኃ ጠብታ ከገባ በውስጡ ያሉት የስኳርና የኮኮዋ ቅንጣቶች ውኃውን ተሻምተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ያ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ በቅጽበት ጎርበጥባጣ ጭቃ ይሆናል። ሳህኑም ማንኪያውም ደረቅ መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ችኮላ ነው። የኮኮዋ ቅቤ ከሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ብሎ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ቸኮሌት አፍ ውስጥ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ እሳት አያስፈልገውም። ሁለት ሦስተኛው ሲቀልጥ ከእሳት ወርዶ በማንኪያ ቢገላበጥ የቀረው በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። በጣም የጋለ ቸኮሌት ላይ ቅቤ የጨመረ ሰው ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ሲንሳፈፍ ያያል።

ቅቤው፣ ስኳሩና አስኳሉ ከቸኮሌቱ ጋር ይዋሃዳሉ። ብስኩቱ የሚገባው ይህ ውሁድ ለብ ሲል ነው፤ ጣት ሲነካው አይሞቅም አይቀዘቅዝም። ትኩስ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርድና ብስኩቱ ራቁቱን ይቀራል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ሁሉን ሳያለብስ ይጠነክራል። ለብ ሲል ግን እያንዳንዱን ስብርባሪ በስሱ ይሸፍነዋል። ብስኩቱ ፍሪጅ ውስጥ አድሮም ኮሽ የሚለው ይህ የቅባት ሽፋን እርጥበትን ስለሚከላከልለት ነው። ወተት ወይም ሌላ ውኃማ ነገር እንደልቡ የጨመረ ሰው በማግሥቱ ለስላሳ ኬክ እንጂ ሳላሜ አያገኝም።

«ፍሪጁ ሥራውን ይጨርሰዋል፤ ሥራውን ግን አይሠራውም።»

ከዚያ ጥቅለላው ይከተላል። የዳቦ ወረቀት ወይም ፎይል ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ውሁዱ በርዝመቱ ይደረደራል፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፎች እንደ ከረሜላ ይጠመዘዛሉ። ብዙ ሰው ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ይረሳዋል። ልምድ ያላቸው የፖርቱጋል የቤት እመቤቶች ግን አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ያወጡትና ጠረጴዛ ላይ በመዳፋቸው እያንከባለሉ ዳግም ያክቡታል፤ ለስላሳ እያለ ከተተወ በተኛበት በኩል ይደፈጠጣልና። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ያድራል። ሲወጣ የዱቄት ስኳር ላይ ይንከባለላል፤ ጎበዞች ደግሞ እንደ እውነተኛ ሳላሚ በክር ያስሩታል። ከመቁረጥ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ውጭ ይቆያል፤ ቢላዋው በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ በደንብ ተጠርጎ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይቆርጣል። ከፍሪጅ እንደወጣ በቀዝቃዛ ቢላዋ የሚቆርጡት ብስኩቱ እየፈነጠረ ይሰነጣጠቅባቸዋል።

የጥሬ እንቁላሉ ነገር

የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ ይገባል። በቀድሞው አሠራር እንቁላሉ በጥሬው ነው የሚገባው። ለብ ያለ ቸኮሌት አያበስለውም። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንቁላሉ ውስጥ ካለ ፍሪጅ እንዳይራባ ያደርገዋል እንጂ አይገድለውም። ለጤነኛ ጎልማሳ የሆድ ሕመም ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ግን ከባድ ነው። ጣፋጩ ደግሞ በዋነኛነት የሚቀርበው ለልጆች ነው። «እናቶቻችን ሲያበሉን ኖረዋል፤ ምንም አልሆንንም» የሚለው መልስ አያሳምንም፤ ያልታመመ ሰው መኖሩ የታመመ አለመኖሩን አያሳይም።

መፍትሔው ጣፋጩን መተው አይደለም። አስኳሉና ስኳሩ በዚያው በሚፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ ያለማቋረጥ እየተመቱ እስከ 71 ዲግሪ ቢሞቁ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ውሁዱም ነጣ ብሎ ይወፍራል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ደግሞ እንቁላሉን ጨርሶ ቢተወው ይሻላል፤ ሁለት ማንኪያ ያህል ክሬም ይተካዋል። የእንቁላሉ ዋና ጥቅም አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ቅባቱንና እርጥበቱን ማስማማቱ ነው፤ ያለ እሱም ቅቤው ሳይግል በጥንቃቄ ከተለወሰ ጣፋጩ ይያያዛል። ያለ እንቁላል የተሠራው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ሌላ የሚጎድለው ነገር የለም። ወጉ ይጠበቅ ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ ወጉ ያለው ብስኩቱና ቸኮሌቱ ላይ ነው፤ በጥሬ እንቁላል ላይ የቆመ ወግ የለም።

የማን ነው?

«ፖርቱጋላዊ አይደለም፤ የጣሊያን ነው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከጣሊያን እስከ ሩሲያ፣ ከሮማኒያ እስከ ግሪክ በየአገሩ የራሱ ስም ያለው ወንድም ስላለው ክርክሩ ሩቅ አይወስድም። የፋብሪካ ብስኩት ገብቶ ኦቭን ባልገባበት ቤት ሁሉ አንዲት እናት ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ልትደርስ ትችላለች። ፖርቱጋላዊ የሚያደርገው መነሻው ሳይሆን ቦታው ነው፤ የማሪያ ብስኩቱ፣ የፖርቶ ወይኗ፣ የልደት ጠረጴዛው፣ በየሰፈሩ ፓሽቴላሪያ መስታወት ውስጥ በቁራጭ መሸጡ።

በእኛ ወጥ ቤት

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ ኦቭን የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ይህ ጣፋጭ ደግሞ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። ሁለት ሦስት ነገሮች ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን፤ የተነጠረና ኮረሪማ ያለበት ቅቤ ቸኮሌቱን ይውጠዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ለቸኮሌት ማቅለጫ የተመቸ፣ እንቁላሉንም 71 ዲግሪ ለማድረስ ከበቂ በላይ የሆነ ሙቀት ነው። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ አንድ ጊዜ የጠነከረ ጥቅል በዝግ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ቅርጹን ይጠብቃል።

በጾም ለሚሠራው ሰው መንገዱ ክፍት ነው። እንቁላሉ ይቀራል፤ በቅቤ ምትክ ወተት የሌለበት የአትክልት ማርጋሪን ይገባል፤ ቸኮሌቱ ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ብስኩቱን ነው፤ ከማሪያ ዓይነት ብስኩቶች አንዳንዶቹ የወተት ዱቄት ስላለባቸው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስኳሩ ይበዛል የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። ጣፋጩ ከባድ ነው፤ የሚበላውም ከቡና ጋር አንድ ሁለት ስስ ቁራጭ ነው እንጂ እንደ ድፎ ዳቦ አይቆረስም። ጥቁር ቸኮሌት የተጠቀመ ሰው ስኳሩን ወደ 50 ግራም ቢያወርደው ጣዕሙ አይጎዳም፤ እንዲያውም ቸኮሌቱ ይበልጥ ይሰማል።

ለመጪው በዓል ወይም ለልጃችሁ ልደት የምትሠሩት ከሆነ ከዋዜማው ሥሩት፤ ብስኩቱን በእጃችሁ ስበሩ፤ ለልጆች የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉን ሳታሞቁ አታስገቡ። ስታቀርቡትም ይቅርታ አትጠይቁበት።